ስለ ጨርቅ ከረጢቶቹ ለጠረጠረኝ ኮሚቴ

ለተከበረው የርቀት ትምህርት የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ፣
በተለይም ለክቡር ሰብሳቢው ለዶክተር ታላስቤክ፣
ቢሽኬክ

ክቡራን ሆይ፣ ጤናችሁ እንደምን ከርሟል? የቢሮአችሁ ማሞቂያ ሳይቋረጥ እንዲሠራላችሁ፣ ወንበራችሁም ወገባችሁን እንዳይጎዳችሁ ከልብ እመኛለሁ።

አስቀድሜ አንድ ወሬ ላርም። እዚህ መንደራችን በኮችኮር ገበያ "ሳይራካን ከዩኒቨርሲቲ ተባረረች" እየተባለ ነው። አልተባረርኩም። መባረር አለመባረሬ የሚወሰነው ነገ ጠዋት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሴት ስለሆንኩ፣ ያልተረጋገጠን ነገር እንደተረጋገጠ አድርጎ መናገር አልወድም፤ ይህን ልማድ ለኮሚቴው ትቼዋለሁ። ደብዳቤዬን በገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ ቀደም ሲል በግል የላክሁላችሁ መልስ ስላላገኘ ነው። ምናልባት መንገድ ላይ ደክሞት ይሆናል።

ለአንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። በዘላቂነትና በባህሪ ለውጥ ሁለተኛ ዲግሪ በርቀት እማራለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፌም ስለ ድግስ ፌስታል ነው። እኛ ዘንድ ከድግስ ባዶ እጁን የሚወጣ እንግዳ የለም። የተቀቀለው ሥጋ፣ በዘይት የተጠበሰው ሊጥ ቦርሶኩ፣ ከረሜላው ሁሉ ኬሺክ፣ ማለትም የድግስ በረከት፣ ተብሎ በፌስታል ታስሮ እቤት ለቀሩት ይሄዳል። ፌስታሉ በማግስቱ መስኖው ቦይ ውስጥ ነው። የጎረቤቴ የካሊፓ ላም ስትሞት ሆዷ ተከፍቶ የተገኘው የመንደሩ ሠርግ ሁሉ ፌስታል ነበር።

መጀመሪያ ሞጁላችሁ እንዳዘዘው ግንዛቤ ፈጠርኩ። ፖስተር ለጠፍኩ፤ "የጨርቅ ከረጢት ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ" ብዬ ለመንኩ። ማንም አላመጣም። እቅጩን የነገረችኝ እንደ ታላቅ እህት "ኤጄ" የምትለኝ ካሊፓ ናት፦ "ሳይራካን ኤጄ፣ እርስዎ ደግሞ! ከረጢት አንጠልጥዬ ሰው ሠርግ ልግባ? ለሥጋው ነው የመጣችው እንዲሉኝ?"

ስለዚህ ከረጢቱን ደጋሹ ሰፍቶ እንዲሰጥ አደረግሁ። የሰው ዕቃ ደግሞ ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ፣ ከረጢቶቹ ፖምና ዳቦ ተሞልተው ወደ ደጋሹ ተመለሱ፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ድግስ ተሻገሩ። ሴቶቹ በጥልፍ እየተፎካከሩ አዳዲስ ስለጨመሩበት ከተሰጠው የተመለሰው በለጠ። ይህንኑ ጽፌ ላክሁላችሁ። ከዚያ በኋላ የዋላችሁልኝን ውለታ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. "ከተሰጠው በላይ ሊመለስ አይችልምና ውጤቱ የፈጠራ ነው" ብላችሁ ስለጻፋችሁልኝ አመሰግናለሁ። የባህሪ ለውጥ የሚያስተምር ተቋም ባህሪ ሲለወጥ አይቶ እንዲህ መደንገጡ ለእኔም ትምህርት ሆኖኛል።

፪. ነገሩን የሚያጣራ ስልክ ደዋይ ስለመደባችሁ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ስሙን እንኳ ያልተናገረ ሰው ከዋና ከተማ ደውሎ ካሊፓን ሲጠይቃት፣ እሷው እንደነገረችኝ፣ የተባባሉት ይህ ነው።

"ከሳይራካን የተቀበልሽው ነገር አለ?"

"እኔ? ምንም!"

"ከረጢት አልሰጠችሽም?"

"የምን ከረጢት? ወንድሜ፣ እኔ ሴትዮዋን በሩቁ ነው የማውቃት።"

ይህን ያለችው አንድ ግድግዳ የምንጋራ፣ እርሾ የምንበዳደር ጎረቤቴ ናት። ስልኩን ዘግታ እየሮጠች መጣችና "ኤጄ፣ አይዞዎት! አንዲት ቃል አልተነፈስኩም! ሌሎቹንም አስጠንቅቄያለሁ" አለችኝ። እውነትም አስጠንቅቃ ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ የተደወለላቸው ሴቶች ሁሉ መኖሬንም ክደዋል። በዚህ ሸለቆ የማይታወቅ ሹም ስለ ጎረቤት ሲጠይቅ ምን ተብሎ እንደሚመለስ ያልገባው የእናንተ ደዋይ ብቻ ነው። እኔን ለማዳን የዋሹት ውሸት ዛሬ ከክሴ ጋር ማስረጃ ሆኖ ተያይዟል።

፫. ክቡር ሰብሳቢው በሚመጣው ጉባኤ "ተመላላሽ ከረጢት በተራራማ አካባቢ ድግሶች" በሚል ርዕስ ንግግር እንደሚያደርጉ ከራሳችሁ ድረ ገጽ ላይ አነበብኩ። እንኳን ደስ አለዎት። መጠርጠርን ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁና እንደ ጎበዝ ተማሪ ልጠይቅ፦ ሥራዬ ፈጠራ ከሆነ እርስዎ ስለ ምን ሊናገሩ ነው? እውነት ከሆነስ እኔ ነገ ስለ ምን እጠየቃለሁ?

፬. ነገ በስክሪን ስቀርብ ክፍሌ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳይኖር፣ አራቱንም ማዕዘን በካሜራ እንዳሳይ አዛችኋል። ካሊፓ "ልግባና ዋሽቼ ነው ልበላቸው" ብላ ለመነችኝ፤ ደንቡ አይፈቅድም አልኳት። አለቀሰች። በእኔ ዕድሜ ዲግሪ ሥራ አያስቀጥርም፤ የምፈራው ሌላ ነው። ሐሰተኛ ተብዬ ከተባረርኩ እነዚያ ሴቶች ከረጢቱን በእጃቸው አይነኩትም። "አስተማሪዋን ያዋረዳት እሱ ነው" ብለው ወደ ፌስታላቸው ይመለሳሉ፤ ቦዩም እንደነበረው ይሆናል።

ጥርጣሬ እንዳይጎድልባችሁ፣ ጉባኤያችሁም እንዲያምርላችሁ እየተመኘሁ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

ቢያንስ እስከ ነገ ጠዋት ተማሪያችሁ የሆንኩት፣
ሳይራካን ቶክቶባዬቫ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጥሪ ደብዳቤያችሁን ደግሜ ሳነበው ስለ ክፍል እንጂ ስለ ግቢ የሚለው ነገር እንደሌለ አስተዋልኩ። ነገ ካሊፓ የልጅ ልጇ መራመድ ስለጀመረ ትደግሳለች። ስለዚህ ስነሳ መጀመሪያ የራስ መሸፈኛዬን እተኩሳለሁ። ቀጥዬ ኮምፒውተሬን ተሸክሜ ወደ ካሊፓ ግቢ እሻገራለሁ፤ የመብራት ገመዱን በኩሽናዋ መስኮት አሳልፋለሁ። እንደታዘዝኩት አራቱንም ማዕዘን በካሜራ አሳያችኋለሁ፤ በየማዕዘኑ የማያውቁኝ ሴቶች ከረጢት ይዘው ይቆማሉ። ከዚያ ካሊፓን ካሜራው ፊት አስቀምጬ ንግግሩን ለእሷ እለቃለሁ። እሷ አንዴ ከጀመረች ማቋረጥ እንደማይቻል ከወዲሁ በአክብሮት አሳውቃለሁ።