የእማዬ አሜን

ለምትናፍቂኝ እታለም፣

ከናፍቆቴ ላይ ቆርሼ ሰላምታ ልኬልሻለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን።

ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፤ ጎረቤት አልለመንኩም! የማታ ትምህርት አስተማሪያችን «እንዳንተ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም» ብለውኛል። በደግ ይሁን በክፉ ግን አልጠየቅኳቸውም።

አንቺ የጀመርሽላትን ወንጌል አሁን ለእማዬ የማነብላት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ፊደል በፊደል ስጎትት በየቃሉ «አሜን» ትል ነበር። «እማዬ፣ ልጨርስ እንጂ!» ስላት፣ «አንተ እስክትጨርስ ማን ይጠብቃል?» ትለኛለች። አሁን ሙሉ ገጽ አንብቤ አንድ አሜን ነው፤ እሱም በከንፈሯ ብቻ። ብርድ ልብሱ ከበደኝ ስላለች ቀለል ያለ ገዝቼላታለሁ።

እኔም ስጸልይ እንደ ደረቀ ፓምፕ አየር ብቻ ሆኖብኛል። ግን በፓምፕ ጥገና ማን ይስተካከለኛል? የደረቀ ፓምፕ ከላይ ውኃ ካላፈሰሱበት ከታች አይስብም። ስለዚህ ምንም ባይሰማኝም በየቀኑ አነባለሁ። ትናንት እሷ ዝም ስትል «አሜን» ያልኩት እኔ ነኝ። ዓይኗን ሳትገልጥ ፈገግ አለች፤ እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ረጠበ።

ወንጌሉ ሊያልቅ ሁለት ገጽ ቀርቶታል። አሁን እንኳ ማንበልበል እችላለሁ፤ ግን አንቺ እስክትደርሺ ብዬ እንደ ድሮው ፊደል በፊደል እየጎተትኩ ነው።

እማዬ ትስምሻለች።

መንገድ መንገዱን የሚያይ ወንድምሽ፣
ባለ ፓምፑ