የእማዬ የካቲት

ጥር 27 ቀን 1966፣ ሰኞ

የነነዌ ጾም ገባ። ቢሮ ሁሉም ፊቱን አጨማዶ ዋለ። እኔም ቀኑን ሙሉ ስተይብ... ጣቶቼ ደነዘዙ።

የጥሪ ካርዱ ግን ደረሰኝ! አራት ዓመት ማመልከቻ ጽፌ፣ አራት ዓመት «ነገ ነይ» ተብዬ፣ ዛሬ አንዱ ጸሐፊ ያለ ምንም ወግ ሁለት ካርድ ወርወር አደረገልኝ። የካቲት 12፣ ስድስት ኪሎ፣ የሰማዕታት ቤተሰብ መቀመጫ። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእማዬ። አባቴን በመልክ አላውቀውም፤ ጣልያን ሲገድለው እማዬ ሆድ ውስጥ ነበርኩ። አንድ ቀን፣ ጉልበቷ ሳይከዳት፣ ሐውልቱ ሥር አብረን ብንቀመጥ... ብዙ ጠየቅኩ?

ጥር 28

ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና እንኳ አላለች።

«የካቲት 12 ሚካኤል ነው። ተራዬ ነው።»

«እማዬ፣ ማኅበሩ እኮ ከሰዓት ነው። እዚያ ጠዋት ነው።»

«ተራዬ ነው አልኩሽ።»

አለቀ። የማኅበሩ አባላት አሥራ ሁለት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ወር። የካቲት የእማዬ ናት። ጥቅምትን ቢሰጧት፣ ሰኔን ቢለምኗት፣ ወይ ፍንክች! አገር በሙሉ አባቴንና ጓደኞቹን ሲያስብ እኛ ቤት ጠላ ይቀዳል። ምን ዓይነት ሰው ናት?

የካቲት 2፣ ቅዳሜ

ዘዴ መጣልኝ። አባ ተክለሃይማኖት ቤት ሄድኩ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ እሳቸው ናቸው፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ ተራ አይለወጥም። እማዬን አሟታል፣ ዘንድሮ ተራዋ ከእትዬ ዋጋነሽ መጋቢት ጋር ይቀየርላት አልኩ። ዋሸሁ።

«እሷ ራሷ ናት የላከችሽ?»

«አዎ፣ አባ።»

 «እግዜር ይማራት» አሉ። እትዬ ዋጋነሽ ቤትም ሄጄ ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ ምንም አልጠየቁ፤ ወዲያው ጌሾ ሊገዙ ወጡ። ቅር አለኝ? ትንሽ። ግን ለማን ብዬ ነው?

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ታወቀ። እትዬ ዋጋነሽ ኮልፌ ገበያ መሃል አግኝተዋት «አጸደ፣ ሕመሙ እንዴት አደረገሽ?» ብለዋት።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን አጥፋ አስቀመጠችና «የካቲትን ከእጄ ወሰድሽብኝ» አለች። ብቻ።

ንድድ አልኩ። ደጅ የጠናሁት እኔ፣ ጥፋተኛዋም እኔ?

«ለአባቴ ብዬ ነው!»

«አባትሽን አታውቂውም።»

አላውቀውማ! ማን ነገረኝና?

የካቲት 10፣ እሑድ

ቅበላ። ሥጋ በላን፣ አልተነጋገርንም። ጉታን ለመንኩት፤ እኛ ግቢ ተከራይቶ የሚኖረው ባለ ታክሲ። ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት በሴቼንቶ ታክሲው ሊያደርሰን ቃል ገባ። «እማማ አጸደን በጀርባዬም ቢሆን!» አለ። እማዬ ግን እሄዳለሁም አልሄድምም አላለች።

የካቲት 11፣ ሰኞ

ታክሲዎች አደሙ! ቤንዚን ተወደደ ብለው። አስተማሪዎችም ሥራ አቁመዋል። ከቢሮ በእግሬ ተመለስኩ፤ ጫማዬ ተረከዜን ልጦታል። ጉታ ሴቼንቶውን ግቢ አቁሞ በሸራ ሸፍኗታል።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጉታ...»

«እህቴ፣ ብወጣ መስታወቴን ያረግፉታል። ደግሞስ ጓደኞቼን እንዴት ልክዳ?»

እሱም ልክ ነው። ሁሉም ልክ ነው፣ እኔ ብቻ ነኝ ያበድኩት። አንድ ቀን ላይ ስንት ነገር ይጫናል? ሚካኤል፣ ሰማዕታት፣ ሁዳዴ፣ አሁን ደግሞ አድማ!

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

አልሄድንም።

ሌሊት ተነስቼ ለበስኩ። በእግር እንሂድ ልላት ስገባ መደብ ላይ ተቀምጣለች። በሩ ዝግ፣ ቤቱ ባዶ። ይህን ቤት በዚህ ቀን ያለ ድግስ፣ ጭር ብሎ አይቼው አላውቅም።

«ይኸው» አለች። «ይህን ጭርታ ፈርቼ ነው ተራዬን የማልለቅ።»

ከዚያ ነገረችኝ። ያኔ ጉለሌ ነበሩ። ጣልያኖቹ ልዑላችን ተወለደ ብለው ስድስት ኪሎ ቤተ መንግሥት ለድሃ ብር ያድላሉ ተባለ። አባቴ «ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ተሳልሜ ልምጣ» ብሏት ነበር። እሷ መውለጃዋ ደርሷል። ቤት ውስጥ ለአራስ የሚሆን እፍኝ እህል የለም።

«ሚካኤል የትም አይሄድም፣ አንተ ብሩን ይዘህ ና አልኩት። እኔ ነኝ የላክሁት፣ ልጄ የኔነሽ። ሰማዕት ይሉታል... ለመታረሻዬ ምጽዋት ሊቀበል ሄዶ ነው የቀረ። ምን ብዬ ነው እዚያ ወንበር ላይ የምቀመጥ?»

 በእኔ ምክንያት ነው የሄደው ማለት ነው? በማን ልናደድ? ሠላሳ ሰባት ዓመት ይህን ብቻዋን ይዛ፣ እኔ በካርድ ስጨቀጭቃት...

ስለ ውሸቴ ይቅርታ ጠየቅኳት። ራሴን ዳበስ አደረገችኝ። ማኅበሩ ወደሚጠጣበት ወደ እትዬ ዋጋነሽ ቤት ግን አልሄደችም።

የካቲት 14

አባ ተክለሃይማኖትን ይቅርታ ጠየቅኩ። አልተቆጡም። አለመቆጣታቸው ደግሞ ይብሱን አናደደኝ።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

ማኅበሩ እኛ ቤት ዋለ። ጸሎቱ አልቆ አባ ጽዋውን ሲያቀብሏት አልጠጣችም። ይዛው ቆመች። 

«ባሌ ይገዙ የሞተው በየካቲት ሚካኤል ዕለት ነው። ለምጽዋት የላክሁት እኔ ነኝ። ይህን ሳታውቁ ነው አብራችሁኝ ስትጠጡ የኖራችሁ።»

ዳቦ የሚቆርሱት እጃቸው ቀጥ አለ። እኔ ምነው መሬት በዋጠኝ አልኩ።

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔም ያን ቀን እዚያ ቤተ መንግሥት ግቢ ነበርኩ። ከሬሳ ሥር ነው የወጣሁት። እኔን ማንም አልላከኝም፤ ርቦኝ ነው የሄድኩት። ይገዙም ርቦት ነው። የራበው ሰው ላኪ አያሻውም፣ አጸደ።»

እማዬ ጽዋውን እንደያዘች ወደ እሳቸው ዞረች።

«ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንጠጣ... አልነገሩኝም እኮ፣ አባ!»

«አንቺስ መቼ ነገርሽኝ?»

እትዬ ዋጋነሽ ሳቅ አመለጣቸው፣ ከዚያ አለቀሱ። እማዬ ጠጣች። ሲጨልም ሌላው ሁሉ ሄደ፤ አባን ግን አልለቀቀቻቸውም።

«ይገዙን አይተውት ነበር? ረጅም ነው፣ ቡልኮ የለበሰ...»

«ማንን ልለይ፣ ልጄ? ብዙ ነበርን።»

ዕቃ ስናጥብ «ብዙ ነበሩ» አለችኝ፣ ያልሰማሁ ይመስል። «አዎ፣ እማዬ» አልኳት።