በደጃችን ስለ ፈለቀው ፍል ውሃ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን
እስከ ረፋድ የተሸጠ፦ የዝንብ መርዝ፣ በረኪና፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ አንድ ጥንድ የጎማ ቦቲ። ዳቦ፦ ምንም።

ለከተማው የፍሳሽ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ቤተሰብዎስ ደህና ናቸው? በተለይ አፍንጫዎ እንዴት ነው? ይህን መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መኪናዎ መንገዳችንን ቆፍሮ ከሄደ ወዲህ በሰፈራችን አፍንጫውን በሰላም የሚጠቀም ሰው አላየሁም።

እኔ የቤት ዕቃና ሸቀጥ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። እናቴ ከሱቁ ጀርባ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ትኖራለች፤ ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ፣ ከፊት ለፊታችን ባለው ቤት ናት። በመካከላቸው የነበረው መንገድ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤትዎ አዲስ ቱቦ ሊቀብር መንገዱን በቁመቱ ሰንጥቆ፣ አሮጌውን ቱቦ ሰብሮ፣ «ለሚፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል ሰሌዳ ተክሎ ሄደ። ቱቦው እስካሁን አልመጣም። ሰሌዳው ግን አለ፤ ዝናብ «ይቅርታ» የሚለውን አጥቦ «መጉላላት» የሚለውን ብቻ ትቶታል። ስለ ሐቀኝነትዎ አመሰግናለሁ።

ቅሬታዬን እንደ ደንቡ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ሽታው። በዚህ ላይ ብዙ አልልም። አረንጓዴ ቆዳ ያወጣው ፍሳሽ ጠዋት ይጨሳል፣ ቀን ይፈላል። ያበጠ አይጥ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ በእናቴ መስኮት ሥር ይንሳፈፋል፤ ከእሱ ላይ የተነሳው ዝንብ ዳቦዬ ላይ ያርፋል። ደንበኛ ዳቦውን ያያል፣ ዝንቡን ያያል፣ እኔን ያያል፤ የዝንብ መርዝ ገዝቶ ይሄዳል። ንግዴን በዚህ በኩል ስላሳደጉልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2ኛ/ መሻገሪያው። እናቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በምርኩዝ ትሄዳለች፤ አክስቴ ዓይኗ እየፈዘዘ ነው። እንዲገናኙ ብዬ ሳንቃ ጣልኩላቸው። በማግስቱ ተቆጣጣሪዎ መጥቶ «ያለ ፈቃድ የተሠራ ግንባታ» ብሎ ጭኖት ሄደ። ቱቦ የሚያመጣ መኪና ለጠፋበት መንገድ ሳንቃ የሚወስድ መኪና መገኘቱ የመሥሪያ ቤትዎን ብርታት ያሳያል።

3ኛ/ ጃፓን። ባለፈው ቢሮዎ ቀርቤ እህትማማቾቹ በአካል መገናኘት ስላቃታቸው በስልክ አብረው ጃፓንን እንደሚጎበኙ ሳስረዳ፣ ፈገግ ብለው «ታዲያ እናትህ ቤቷ ቁጭ ብላ ጃፓንን ካየች መንገድ ምን ያደርግላታል?» ማለትዎን ያስታውሳሉ። ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ በዝርዝር ልመልስ።

ጠዋት ጠዋት አንድ ጃፓናዊ አስጎብኚ ካሜራ ይዞ በአገሩ መንደርና ወንዝ ዳር እየተራመደ ያየውን በቀጥታ ያሳያል። ከየአገሩ የተሰበሰበው ተመልካች ጥያቄ ይጽፍለታል፤ ማሽን እየተረጎመ ያግባባቸዋል። ባለቤቴ ለእናቴ ትከፍትላታለች፤ አክስቴም ማዶ ሆና ስልኳን አፍንጫዋ ላይ ትለጥፋለች። ሽታው ቢገባም መስኮት ይከፈታል፣ አለበለዚያ ድምፃቸው አይደራረስም። የአክስቴ ስልክ ዘገምተኛ ነው፤ ስለዚህ እናቴ ከፍሳሽዎ ማዶ ትጮኻለች፦ «እትዬ፣ ድልድዩ ጋ ደረስሽ?» አክስቴም «ገና ነኝ፣ ቆሞብኛል! ጥለሽኝ እንዳትሄጂ!» ትላለች። «ምን ጥዬሽ እሄዳለሁ፣ እዚሁ ድልድዩ ላይ ቆሜልሻለሁ» ትላታለች እናቴ። ክቡርነትዎ፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ድልድይ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ሰውየው በአንድ ሰፈር የመንገድ ቦይ አሳየ። ቀይና ነጭ ዓሣ ይዋኝበታል። እናቴ «እውነት ቦይ ነው?» ብላ ስትደነቅ፣ አክስቴ «እኛስ አለን አይደል? የእኛ ዓሣ ጭራው ረዘመ እንጂ» አለቻት። ሰውየው ተመልካቾቹን በደጃቸው ምን እንዳለ ጠየቀ። ባለቤቴ ደግሞ የዋህ ናት፣ እንዳለ ጻፈችለት፦ ከደጃችን ቦይ አለ፣ ይጨሳል፣ ይፈላል፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል።

ሰውየው ቆመ። ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ። በደጁ ፍል ውሃ ያለው ሰው ምንኛ የታደለ ነው አለ፤ የእንቁላል ሽታውም የጥሩ ፍል ውሃ ምልክት እንደሆነ፣ በተለይ ዳሌና ጉልበት ለሚያማቸው እናቶች መድኃኒት መሆኑን አስረዳ። ከየአገሩ የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክት ጎረፈልን። እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ አክስቴ «ቀድመሽ ግቢ፣ ፎጣ እይዝልሻለሁ» ብላ ጮኸች። እኔ አልሳቅኩም። አይጡን እያየሁ ነበር፤ ፈንድቷል።

ትላንት እናቴ እንደ ልማዷ ያበበውን ዛፍ በጩኸት ስትተርክላት አክስቴ አቋረጠቻት። «ተይው አንቺ፣ አሁን ጭጋግ ብቻ ነው የሚታየኝ። ጃፓኑ ይቅርብኝ፤ ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ ፊትሽን ከቅርብ አሳዪኝ» አለች። እናቴ ስልኩን አጠፋችው። ዛሬ ጠዋት አልተከፈተም።

መንገድ ምን እንደሚያደርግላት ለጠየቁኝ መልሴ ይኸው ነው።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምጠይቀው ቱቦ አይደለም፤ ቱቦ መጠየቅ ድፍረት መሆኑን ተረድቻለሁ። ፍል ውሃውን መርቀው እንዲከፍቱልንና ቀድመው እንዲነከሩበት ብቻ ነው። ፎጣ ከሱቄ በስጦታ አቀርባለሁ፤ በረኪናውን ግን ይከፍላሉ።

የጽሕፈት ቤትዎን መልካም ሥራ በየቀኑ ከሚተነፍሰው፣ ሲበላ ከሚያስታውስዎ፣ ሲያስታውስዎ መብላት ከሚያቅተው፣
አክባሪዎ፣ የጥጉ ባለሱቅ

ተጨማሪ፦ አዲስ ሳንቃ ነገ እጥላለሁ። ሁለቱ እህትማማቾች መሀሉ ላይ ወንበር አስዘርግተው እንደሚቀመጡ ነግረውኛል። ተቆጣጣሪዎ ሊያነሳው ከመጣ ከነወንበራቸው ጭኖ ቢሮዎ በር ላይ እንዲያወርዳቸው በትሕትና እለምናለሁ፤ የእርስዎን አካባቢ ገና አልጎበኙትም።

ነገ፦ በጠዋት ወደ እንጨት መሸጫው። ሁለት ወፍራም ሳንቃ፣ ረጅም ምስማር፣ በእናቴ ቀኝ በኩል ለመደገፊያ የሚሆን አጣና።