ከቢራቢሮዎቹ ጫካ ተባረርኩልህ

አንተ ጨርቅ ቀዳጅ ወዳጄ፣

ሦስት ዓመት ሙሉ የስፌት ቤታችን የካውያ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግተን ካቀድነው ጉዞ፣ አንተ የስምንት ሚዜ ቀሚስ ስፌት ይዞህ ቀረህ፤ እኔ ደግሞ ይኸው ብቻዬን ጉድ ሠራሁበት።

ቢራቢሮዎቹ ብርዱን የሚያሳልፉበት ጫካ ውስጥ ዛፉ ቅጠል ሳይሆን ክንፍ ነው የለበሰው። አስጎብኚዋ ኮስታራ ሴት ናት። «የነካ ሰው ይወጣል!» ስትለን ሁላችንም እጃችንን ወደ ኋላ አጣመርን። ወዲያው አንዷ ቢራቢሮ መጥታ የራሷ የአስጎብኚዋ ትከሻ ላይ አረፈች። መቼም እኛ ስፌት ቤት የሰው ትከሻ ላይ ክር ካየን ሳናነሳ አናልፍም። እጄ እኔን ሳያማክር ሄዶ ጠረግ አደረጋት!

«ይውጡ!» አለችኝ። ቢራቢሮዋስ በደህና በረረች፤ የተባረርኩት እኔ ነኝ። ገና አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላኝም ነበር።

በሩ ላይ ኩርምት ብዬ ስቀመጥ ሌላ ቢራቢሮ መጣችና፣ አንገቴ ላይ ረስቼው የመጣሁት ሜትር ላይ ክንፏን ዘርግታ ቁጭ አለች። አልነካኋትም፤ ግን ለካኋት። አሥር ሴንቲ! ግራና ቀኟ ቅንጣት አይዛነፍም። አንተ የሰፋህልኝ ኮት እጅጌ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትህን ሳምልኝ፤ «ለቢራቢሮ ብሎ ሰው አገር ያቋርጣል?» ብለውኝ የለ፣ ተባርሮም ቢሆን አይቷል በልልኝ። ያለ አንተ ግን አልጣመኝም። ሌላ ጊዜ አብረን ነው የምንመጣው፤ ሁለታችንም እጃችንን ኪሳችን ውስጥ ሰፍተን!