ስለ ሃርቫርዱ የኋላ ወንበርና ስለ አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ

ለክቡር ሚስተር ሄርማኑስ ፍሌርመይለን
የቫልክራንስ የአውሮፕላን ሙዚየም የቦርድ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ሙዚየሙ ገመድ የጠበቀ፣ እንቅልፍዎም እንደ ቦርዱ ስብሰባ የረዘመ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ለከተማችን ሕዝብ በጋዜጣው በኩል አንድ ከባድ ጉዳይ ለማስታወቅ እገደዳለሁ። በሙዚየምዎ በቆመው አሮጌ የጦር ማሰልጠኛ አውሮፕላን፣ በሃርቫርዱ፣ ከኋላው ወንበር በስተቀኝ፣ ዶሮ የተሳለባት አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ በነሐስ መደገፊያ ላይ ተቀምጣ ታይታለች። ሕዝቡ እንዲረጋጋ አሳስባለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እኔና ሰው ሁሉ ኦም፣ ማለትም አጎቴ፣ የሚላቸው ዲርኪ ቤዛይደንሃውት ይህንኑ ሃርቫርድ ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር እንዲያበረው አድርገን ጋራዤ ውስጥ ስንሠራ ዓመታት አልፈዋል። እኔ አውሮፕላኑን እስላለሁ፤ እሳቸው ይሳደባሉ። ኦም ዲርኪ በጉብዝናቸው ዘመን በዚያው የኋላ ወንበር ተቀምጠው ስንቱን ምልምል አብራሪ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ዓይናቸው ደክሞ የፍጥነቱን ጠቋሚ ከከፍታው አይለዩምና የሚያበሩት በጆሯቸው ነው። እኔ የሰጠኋቸው ድምፅ ደግሞ ሜዳ ዳር ቆሜ የቀዳሁት ነው።

"ዲኬሌዲ፣ ይሄ ሞተር ነው ወይስ የአክስትሽ የስፌት መኪና?" ይሉኛል። "ከውጭ ነው የሚጮኸው፤ ከውስጥ ያጉረመርማል። እኔ ፍጥነቱን የማውቀው በማጉረምረሙ ነው!"

ከውጭ እየጮኸ ከውስጥ የሚያጉረመርም ነገር ከቦርድዎ ሌላ መኖሩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ሞተሩ በዓመት አንዴ፣ በሙዚየሙ ቀን ይነሳል። የፊታችን ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ ተነስቶ፣ ዘይቱ ተንጠፍጥፎ፣ ለዘላለም እንደሚታሸግ አስታውቀዋል። ኦም ዲርኪ ለጥቂት ደቂቃ ኋላ ተቀምጠው ድምፁን እንዲቀዱ ደጋግመን ብንለምን፣ "ቅርሱ ይጎዳል" ተብለን ተከልክለናል። በዚያው አውሮፕላን ክንፍ ላይ የምክትልዎ የልጅ ልጅ የልደት ኬክ ሲቆረስ ቅርሱ ቅንጣት እንዳልተጎዳ ስናይ ግን፣ ኬክ ከሽማግሌ ይልቅ እንደሚከበር ተምረናል። ስለ ትምህርቱ እናመሰግናለን።

፪. ኦም ዲርኪ ያንን አውሮፕላን ሲያበሩ፣ እኔ በቆዳዬ ቀለም የተነሳ በአየር ኃይሉ አጥር ጥግ እንኳ ማለፍ አይፈቀድልኝም ነበር። ዛሬ ሁለታችንም አውሮፕላኑን ከከለለ አንድ ገመድ ውጭ ጎን ለጎን ተገትረን እናያለን። ሌሎች ስንት መከራ ያዩበትን እኩልነት እርስዎ በአንዲት ክንድ ገመድ ስላመጡልን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

፫. ወደ ቆርቆሮዋ ልመለስ። የኋላውን ክፍል እንዳንለካ ስለተከለከልን፣ ከድሮ ፎቶግራፍና ከኦም ዲርኪ ትዝታ እያጣቀስኩ ሳልኩት። ሲያስተምሩ ብስኩት ከኪሳቸው አይጠፋም ነበርና፣ በልደታቸው ቀን ላሾፍባቸው ብዬ ከወንበሩ በስተቀኝ የእናቴን የብስኩት ቆርቆሮ ከነዶሮዋ ስዬ ጨመርኩላቸው። ይህች ቆርቆሮ በዓለም ላይ በበረረ በየትኛውም አውሮፕላን ውስጥ ኖራ አታውቅም፤ ምንም አገልግሎትም የላትም። መደገፊያዋን በአራት ብሎን ሳስር ስልክ ተደውሎ አራተኛውን ረሳሁት፤ ቀዳዳው ባዶውን ቀረ፤ ሥራው እንዲሁ ኢንተርኔት ላይ ወጣ።

ባለፈው ወር ሙዚየምዎ "በጥልቅ ጥናት የታደሰውን" የኋላ ክፍል ሲያስመርቅ፣ ቆርቆሮዋ አለች፤ ዶሮዋ አለች፤ ባዶዋ ቀዳዳም አለች። ከሥሯ በወርቃማ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦ "የአስተማሪው የፊውዝ ማስቀመጫ። እጅግ ብርቅ። አራተኛው ብሎን በአገልግሎት ላይ ሳለ የጠፋ።"

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል እሰማ ነበር። ከተሳለች ላም ወተት ያለበ ሰው ግን ከእርስዎ በፊት አልሰማሁም።

፬. ይህ ሳያንስ፣ ቆርቆሮዋን "ከሙዚየሙ ቅርስ ስለገለበጣችሁ" ሥራችሁን ከኢንተርኔት አውርዱ የሚል የጠበቃ ማስጠንቀቂያ ደርሶናል። እናቴ በሕይወት ብትኖር ቆርቆሮዋን ራሷ መጥታ ታስመልስ ነበር።

ማስጠንቀቂያውን ሳነብላቸው ኦም ዲርኪ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ፣ "ቅዳሜ ግን ያሽጉታል፣ አይደል?" አሉኝ። ለዚህኛው ቁጥር አልሰጠሁትም።

ክቡር ሆይ፣ ቆርቆሮዋን ይውሰዷት፤ ዶሮዋንም መርቄ ሰጥቼዎታለሁ። በምትኩ ገመዱን ከፍ አድርገው አንድ ሽማግሌ ያሳልፉልኝ።

ገመድዎን ከሩቅ የምታከብር፣ ጥላዋ ቅርሱን እንዳይነካ በእኩለ ቀን ብቻ የምትጎበኝዎ፣ የማይጠፋ ብሎን ዘወትር የምትመኝልዎ፣
ዲኬሌዲ ራማሄሎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤው ለጋዜጣው ከተላከ በኋላ ቅዳሜ ስለዋለ፣ የሚከተለው እርማት ተደርጓል።

በተራ ቁጥር ፩ ኦም ዲርኪ ተከልክለዋል የተባለው ጊዜው ያለፈበት ነው። ቅዳሜ ዕለት አንድ ጎብኚ "ፊውዝ ማስቀመጫ ላይ ዶሮ ምን ትሠራለች?" ብሎ ቢጠይቅ፣ አስጎብኚዋ ወይዘሪት ኔሬሻ ፒላይ ገመዱ ዳር ወደቆሙት ኦም ዲርኪ ዞራ፣ "ኦም፣ እርስዎ በዚህ አውሮፕላን አስተምረዋል አሉ፤ እስቲ ይንገሩን" አለች።

"ልጄ፣ ካልተቀመጥኩበት ትዝ አይለኝም።"

ገመዱን አንስታ አስቀመጠቻቸው። "እሺ ኦም፣ አሁንስ?"

"ሞተሩ ካልተነሳም ትዝ አይለኝም።"

ከፊት የተቀመጠው መካኒክ አስነሳው። ኦም ዲርኪ ሞተሩ ለመጨረሻ ጊዜ እስኪጠፋ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ክቡርነትዎ ከፊት ረድፍ ሆነው ሲያጨበጭቡ ስለነበር ለትብብርዎ እናመሰግናለን።

በተራ ቁጥር ፫ ቆርቆሮዋ "ምንም አገልግሎት የላትም" የተባለውም በስህተት የገባ ነው። ቅዳሜ እንደታየው፣ የድምፅ መቅረጫ ማስቀመጫ ናት፤ ልክክ አድርጋ ትይዛለች። የሙዚየሙ ጽሑፍ በዚሁ መሠረት እንዲታረም በትሕትና እናሳውቃለን።