ስለ ሰማያዊዋ መኪናና ስለምሽረው ቃሌ

ዛሬ ሰኞ፥ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት ነው። አባቴ በመጽሐፍ ቅዱሱ ሽፋን ጀርባ በእጁ በጻፈው ቀን መሠረት ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ዓመት ከአራት ወር ከዘጠኝ ቀን ሆኗል። እኔ ሽጉጤ ሀቢሶ፥ በሆሳዕና ሠላሳ አንድ ዓመት የአማርኛ መምህር፥ በጆሃንስበርግ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመት የሰው ማመልከቻ ጸሐፊ ሆኜ የኖርኩ፥ ይህን ቃል የምናገረው በሮዘተንቪል በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ፥ በመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀምጬ ነው። ልቤ ታምሟል፤ አእምሮዬ ግን አልታመመም። የዛሬውን ቀን፥ የልጅ ልጄን የልደት ቀን፥ ከአርባ ዓመት በፊት ያስተማርኳቸውን ልጆች ስም በተራ ቁጥራቸው አውቃለሁ። ያስገደደኝ ሰው የለም፤ እንዲያውም ሊያስተወኝ የሞከረ አለ፥ እርሱንም ከታች በስሙ አነሣዋለሁ።

አርብ ግንቦት 8 ቀን ሐኪሞች ደረቴን ከፍተው አንዱን የልቤን ቫልቭ ይለውጣሉ። ከሰመመኑ እነቃለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ነገር ግን ኑዛዜ በተስፋ አይጻፍም።

እጄ ስለሚንቀጠቀጥ የምናገረውን የምትጽፈው ሀይፋ ናት፤ የወዳጄ የአብዱልወሀብ ልጅ፥ በቅዳሜ ትምህርቴ ፊደል የቆጠረች፥ አሁን በጠበቃ ቢሮ የምትሠራ። በመሀል ከተማ የጅምላ መደብር ያለው አባቷ አብዱልወሀብም ከፊቴ ተቀምጦ ይሰማል። ምስክሮቼ ሁለቱ ናቸው። ሀይፋ መጻፍ ሳትጀምር፥ «ጋሼ፥ ሶሪ፥ አንድ ነገር ልበል። በዚህ አገር ሕግ ምስክር የሆነ ሰው አይወርስም» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ስለዚህም ነው አንቺን የጠራሁሽ።»

«ኦኬ። ያ ትልቁ መዝገበ ቃላት ግን...»

«ከፈረምሽ አለቀልሽ።»

«እንግዲያው ሳልፈርም አሁኑኑ ስጡኛ!» ብላ አሳቀችን። ይህም እንዲጻፍ አዝዣለሁ። የሚቀጥለው አያስቅምና የሳቅንበት ቦታ ይኑረው።

አስቀድሜ ስለ ሥጋዬ። ብሞት አስከሬኔን ወደ ሆሳዕና አትላኩ። እዚህ ያለው የአገራችን ሰዎች ማኅበር ለመላኪያው ለማዋጣት እንደሚቸኩል አውቃለሁ፤ ምስጋናዬ ይድረሰው። እኔ ግን በበኩር ልጄ በአምሃ አጠገብ ልቀበር። አምሃ በወረርሽኙ ዓመት፥ በሐምሌ 2012፥ ሲሞት አውሮፕላን ቆሞ ነበርና እዚህ ቀረ። ብቻውን የቆየው ይበቃዋል።

መጻሕፍቴንና የእጅ ጽሑፎቼን በሙሉ፥ ትልቁን መዝገበ ቃላት ጨምሮ፥ ለልጅ ልጄ ለእምነት ማናሴ ሰጥቻለሁ። አማርኛ ስታነብ በጠጠር ላይ በባዶ እግሩ እንደሚሄድ ሰው ፊቷን ታጨማድዳለች፤ ግን አታቆምም። የማያቆም አንባቢ ይበቃኛል።

የዚህን ቤት ድርሻዬን ለልጄ ለማናሴ ሳይሆን ለሚስቱ ለመሰረት ሰጥቻለሁ። ማናሴ እንዳይቀየም ምክንያቱን ልንገረው። ባለቤቴ ከሞተች ጀምሮ መድኃኒቴን በሰዓቱ ያዋጠችኝ፥ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ቆማ ውላ መጥታ እግሬን ያጠበችኝ እርሷ ናት። ከዚህም ሌላ የመሰረት ዕዳ አለብኝ። የገንዘብ አይደለም፤ ሰባት ወር ከእርሷ የደበቅሁት ነገር ነው። ወደ እርሱ መድረሴ ነው።

አሁን ስለ መኪናዋ።

ምስክሮቼ ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቅ ግን ይጻፍ። በእኛ መካከል ወረቀት ያለው ሰው ወረቀት ለሌለው ስሙን ያውሰዋል። ወረቀቱ ገና ያልጸና ሰው መኪና ሲገዛ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ቋሚ ፈቃድ ያለው ሽማግሌ ስም ነው። ውል አይጻፍም፤ በሰው ፊት አንድ ቃል ይነገራል፦ «ስሙ የእኔ ነው፥ ንብረቱ የእኔ አይደለም።» ይህን ቃል ያፈረሰ ሰው ለቅሶ ቤት ሲገባ እንኳ ወንበር የሚለቅለት አያገኝም። በእኔ ስም አሥራ አንድ ባኪዎች፥ ፒክአፕን እዚህ ባኪ ነው የምንለው፥ ወደየሱቁ ዕቃ አመላልሰዋል፤ የአንዱን ጎማ እንኳ የእኔ ነው ብዬ አላውቅም።

ሰማያዊዋ የጀርመን መኪናም በእኔ ስም ናት። ማናሴ ጻካኔ በምትባል ሰፈር ባለው ሱቁ ዐሥር ዓመት ቆሞ ያፈራት ናት፤ አምስት መቶ የፈረስ ጉልበት አላት ይላል። የገዛት ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እጄን በሞተሯ ክዳን ላይ ጭኜ የጸለይኩላት እኔ ነኝ። በከተማው መንገድ ላይ ያለ ልክ መንዳት ሲጀምርና ሽማግሎች ስንሰበሰብ፥ «መሮጥ ካማረህ በተፈቀደበት ቦታ ሩጥ» ብዬ የፈረድኩትም እኔ ነኝ። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ የመኪና መሮጫ ሜዳ ለጀማሪዎች የተለየ ቀን እንዳለ አጠያይቄ፥ ቅጹን አንብቤ ተረጎምኩለት። «የመኪናው ባለቤት» በሚለው መስመር ላይ፥ ለሚደርሰው ሁሉ ማንንም አልጠይቅም ብዬ ፈረምኩ። ዕድሜ ልኬን ሰውን «ሳታስብ አትፈርም» ስል የኖርኩ ነኝ።

በጥቅምት አብሬው ሄጃለሁ፤ ቦታው ክፉ አይደለም፤ ይህን በእውነት እመሰክራለሁ። ጠዋት ሰብስበው ያስተምራሉ፤ ሄልሜት ለሌለው ያውሳሉ፤ የጎማውን ብሎን አንድ በአንድ ይፈትሻሉ። የት ፍሬን እንደሚያዝ፥ የት እንደሚታጠፍ ብርቱካናማ ኮኖች ያመለክታሉ። በጀማሪዎች ቀን እሽቅድምድም የለም፤ ሰዓትም አይያዝም። ከሁሉ አብልጠው የነገሩን ስለ ሰማያዊው ባንዲራ ነው። ሲውለበለብልህ ከኋላህ ፈጣን መኪና ደርሷልና ቀጥ ያለው መንገድ ላይ እግርህን ከነዳጁ አንሣ፥ በእጅህ ምልክት ስጠው፥ ይለፍ።

ሽበታሙ አስተማሪ ከማናሴ ጎን ተቀምጦ ዞሮ ሲመለስ ራሱን እየነቀነቀ ወረደ።

«ወዴት ነው የምታየው?» ብሎ ጠየቀው።

«መስታወቱን።»

«መስታወቱ ውስጥ መታጠፊያ የለም፥ ወዳጄ።»

ማናሴ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ልጄ ለምን መስታወት እንደሚያይ አውቃለሁና።

ከምሳ በኋላ ተሳፋሪ ተፈቀደ። ሄልሜት አጥልቀውልኝ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ የሚደርስብን አልነበረም፤ በመታጠፊያዎቹ ግን አንዲት ወጣት ሴት የምትነዳት ትንሽ ነጭ መኪና ከኋላችን ትቀርብ ነበር። ሰማያዊው ባንዲራ ተውለበለበ። «ማናሴ፥ ልቀቅላት» አልኩት። አልሰማኝም። ዐይኑ መስታወቱ ላይ ተተክሎ፥ መንጋጋው ተቆልፎ፥ «ተጠግቶናል፥ ተጠግቶናል» ይላል። በሚቀጥለው ዙር ባንዲራው ዳግመኛ ተውለበለበ፤ እርሱ ይብሱን ነዳጁን ረገጠ። የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ቀጥተኛው መንገድ ሲያልቅ ፍሬኑን ቢይዝ ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ ወለሉ ድረስ ወረደ። ኮኖቹን አልፈን ጠጠሩ ውስጥ ገባን፤ ስንቆም ከጎማው ግድግዳ የቀረን አንድ ክንድ ነበር።

አስተማሪው በኋላ እንዳስረዳን፥ እንዲህ ያለች የመንገድ መኪና ጉልበቷም ክብደቷም ብዙ ነው፤ ፍሬኗ ያለ ዕረፍት ሲረገጥ ይግላል፥ ዘይቱም ይፈላል፤ ስለዚህ በየመሀሉ ቀስ ብሎ መዞር ያስፈልጋል። ለማናሴ ግን ቀስ ማለት መያዝ ነው።

አቧራው ሳይረጋ ወደ እኔ ዞረ። «አባዬ፥ አየኸው አይደል? ነጩን?»

«ሴት ልጅ ናት፥ ልጄ። እየሳቀች ነው የምትነዳው።»

መሪውን ሳይለቅ፥ «ለመሰረት እንዳትነግራት» አለኝ።

«አልነግራትም» አልኩት። መሰረት ልጄ፥ ዕዳዬ ይህ ነው።

ማናሴ የሚሸሸው ማንን እንደሆነ ይጻፍ። በዚያ በሐምሌ 2012 ሁለቱ ወንድማማቾች በባኪ ዕቃ ጭነው ከመሀል ከተማ ወደ ጻካኔ ሲመለሱ አንዲት ነጭ መኪና ከኋላቸው ተጣብቃ መጣች። የሚነዳው አምሃ ነበር። ሮቦቱ፥ የትራፊክ መብራቱ፥ ቀይ በራ፤ አምሃ ቆመ፤ ተኮሱበት። ለምን ቆመ? በዚያው ሳምንት ቀይ መብራት የጣሰበትን የቅጣት ወረቀት አንብቤለት፥ «የመምህር ልጅ ሕግ አይጥስም» ብዬ ገሥጬው ስለነበር ነው። ማናሴ ከጎኑ ተቀምጦ ሁሉን አየ። በቀብሩ ማግስት፥ በዚህችው ክፍል፥ የማናሴን ፊት በሁለት እጄ ይዤ፥ «ከኋላህ መኪና ከተጠጋህ አትቁም። አታሳልፍ። ዐይንህን ከመስታወቱ አታንሣ። ንዳ» አልኩት። አስምዬዋለሁ። ማናሴ ብዙ ነገር ይረሳል፤ ይህን አልረሳም።

ከጥቅምት ወዲህ ወደ ሜዳው ሦስት ጊዜ ተመልሷል። ፍሬኗን አላስለወጠም፤ ይልቅስ የሞተሯን ኮምፒውተር አስነክቶ ስድስት መቶ አድርሷታል። ያን ቃሌን እንዲተወው ሁለት ጊዜ ልነግረው ሞከርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ፥ «አባዬ፥ ልብህን አታስጨንቅ» ብሎ ጉልበቴን ስሞኝ ሄደ። ባለፈው እሑድ በምሳ ላይ፥ «እምነት ግንቦት 19 አሥራ ስድስት ዓመት ይሞላታል። ከአሥራ ስድስት ጀምሮ ተሳፋሪ ይፈቀዳል። ቅዳሜ ግንቦት 23 ከጎኔ ናት» አለ።

«ሲሪየስ፥ ዳዲ?» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። መሰረት አጨበጨበች። የምታጨበጭብለትን አታውቅም ነበር፤ የማውቀው እኔም ሾርባዬን ጠጣሁ።

ትንሿ ቀይ ሄልሜት ተገዝታ ከበሩ ኋላ፥ ጃንጥላ በምንሰቅልበት ላይ ተንጠልጥላለች። ከተቀመጥኩበት ትታየኛለች። ፊቷን ወደ እኔ አዙረዋታል።

ስለዚህ እኔ ሽጉጤ ሀቢሶ፥ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፥ በስሜ የተመዘገበውን የሰው ንብረት የእኔ ነው እላለሁ።

እዚህ ላይ አብዱልወሀብ እጁን አነሣ። «መምህር፥ ይህን አያጽፉ። በእኔም ስም የስንቱ መኪና አለ። ነገ አንዱ መጥቶ፥ ‹መምህር ሽጉጤ የገዛ ልጁን ካደ፤ አንተስ ምን ዋስትና አለህ?› ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?»

«እምነትን ታውቃታለህ አይደል?»

«ክንዴ ላይ አይደል እንዴ ያደገችው!»

«እንግዲያው ለጠየቀህ ሁሉ፥ ሽጉጤ ቃሉን በላ በለው። እውነት ነው። ልጅቱን ግን አላስቀበረም በል።»

አብዱልወሀብ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ለልጁም፥ «ጻፊ» አላት።

መኪናዋን ለመሰረት ሰጥቻለሁ። የምሰጥሽ እንድትነጂያት ሳይሆን እንድትፈርሚ ነው። ሜዳው ያለ ባለቤት ፊርማ መኪና አያስገባም፤ እኔ ከሌለሁ ፈራሚዋ አንቺ ነሽ። የምትፈርሚው ማናሴ አስቀድሞ በአስተማሪው ትንሽ መኪና፥ አስተማሪው ከጎኑ ተቀምጦ፥ ሰማያዊው ባንዲራ ሲውለበለብ እግሩን አንሥቶ፥ በእጁ ምልክት ሰጥቶ፥ ከኋላው የደረሰውን ሠላሳ ጊዜ ሲያሳልፍ ነው። አስተማሪውም በጽሑፍ ይመስክር። ለምን ሠላሳ ሆነ ቢባል፥ ስሕተት የለመደ ተማሪ ትክክለኛውን ሠላሳ ጊዜ እንዲጽፍ አደርግ ስለነበር ነው። ይህ ሲፈጸም ፍሬኗን አስለውጠሽ መልሰሽ ስጪው፤ የእርሱ ናት። እምነት ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት በዚያ ሜዳ ከማንም ጎን አትቀመጥ።

በሕይወት ሳለሁም ሥራው እንዳይቆይ፥ በባለቤትነት የፈረምኩትን ፈቃድ የሻርኩበትን ደብዳቤ ለሜዳው ጽሕፈት ቤት አዘጋጅቻለሁ። ማናሴ ፊርማዬን አሳምሮ መኮረጅ እንደሚችል ስለማውቅ፥ ከዛሬ በኋላ በስሜ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ ወደ እኔ ተደውሎ ካልተረጋገጠ አይጽና ብያለሁ። ከአርብ በኋላ ስልኬን የሚያነሣው ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ስለዚህም ነው ይህ ኑዛዜ የተጻፈው።

የመጨረሻው ነገር። ኑዛዜ ከእርሱ በፊት የተሰጠውን ኑዛዜ ይሽራል። እኔ ከዚህ በፊት የጻፍኩት የለኝም፤ ያለኝ በቀብር ማግስት የተናገርኩት ቃል ነው። ማናሴ፥ ያን ቃል ሽሬዋለሁ። ከመሐላው ፈትቼሃለሁ። በዚህ ከተማ መንገድ ላይ ቀማኛ የለም አልልህም። መቼ መቆም፥ መቼ መሄድ እንዳለብህ የራስህ ዐይን ይንገርህ፤ ሐዘን ያሳበደው አባትህ በዚያ ቀን የተናገረው አይምራህ። አምሃን የገደሉት ገዳዮቹ ናቸው፤ መቆሙ አይደለም። ይህን ለራሴ ለማለት አምስት ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል። ከኋላህ የሚመጣው ሁሉ ሊገድልህ አይመጣም፥ ልጄ። ይለፍ።

ይህ ቃል ሲነበብልኝ ሰምቼ፥ የእኔ መሆኑን አረጋግጬ፥ በሁለቱ ምስክሮች ፊት በየገጹ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ ሽጉጤ ሀቢሶ (ፊርማ)
ምስክር፦ አብዱልወሀብ (ፊርማ)
ምስክርና ጸሐፊ፦ ሀይፋ አብዱልወሀብ (ፊርማ)

ከፊርማው በኋላ፥ በገዛ እጄ፥ በፖስታው ጀርባ የጨመርኩት፦

ሀይፋ፥ «ጋሼ፥ ኑዛዜ እኮ ከሞት በኋላ ነው የሚከፈተው» አለችኝ። ይህ ግን ከሞት በፊት ካልተከፈተ ለማን ይጠቅማል? ሐሙስ ወደ ሆስፒታል የሚወስደኝ ማናሴ ነው፤ በሰማያዊዋ ካልሆነ አይሆንም ብሏል። ከጎኑ እቀመጣለሁ። በዚያን ሰዓት መሰረት ይህን አንብባ መሆን አለባት፤ እርሱም እንዳነበበችው ዐውቆ መሆን አለበት። ቁጣውን ይዞ ይነዳ እንደሆነ፥ ከፊት ለፊት ያለውን መንገድ እያየ ይነዳ እንደሆነ፥ ያን ቀን አያለሁ።

በመንገዱ ጫፍ የሞተሯ ድምፅ ተሰማኝ፤ ከሱቅ እየተመለሰ ነው። ሀይፋ ወደ መሰረት ልትወስደው በጓሮው በር ቆማ እጇን ዘርግታለች። በፖስታው ላይ «ለመሰረት፤ ከሐሙስ በፊት ይከፈት» ብዬ ጽፌአለሁ። አሽጌ ልኬዋለሁ።