በዘፈንህ መሃል ያለው ሳቅ

ገሜ ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? መልስ እንደማትሰጠኝ አውቃለሁ፤ ግን ሌላ አጀማመር አላገኘሁም። በጥር፣ በሰርጉ ወቅት መሃል ተለየኸን። አሁን ክረምቱ ገብቶ የግቢያችን ጭቃ ጫማ እያስቀረ ነው። ከጊንጪ ሰርግ ስትመለስ የተሳፈርክበት መኪና ከተገለበጠ ወዲህ እማዬ በዚያ መንገድ አትሄድም። የአክስታችን ልጅ አዲስ አበባ ስትወልድ እንኳ መኪና ውስጥ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ወረደች።

በአማርኛ የምጽፍልህ አንተም ያንን ዘፈን በአማርኛ ስለሠራኸው ነው። እኛ ቤት በኦሮምኛ እንጣላለን፣ በኦሮምኛ እንታረቃለን። ሰርግ ላይም የምትዘፍነው በኦሮምኛ ነበር። ያንን አንዱን ብቻ በአማርኛ አደረግከው፤ ተከራያችን መቅደስ እንድትሰማው።

የቤቱን ነገር ልንገርህ። ኪቦርድህ በእማዬ ነጠላ ተሸፍኖ ሳሎን ተቀምጧል፤ ማንም እንዲነካው አይፈቀድም። ፎቶህ በትልቁ ታጥቦ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። የእኔ ፎቶ በዚህ ቤት ግድግዳ ላይ የለም፤ ድሮም አልነበረም። አባዬን ግን ብታየው አታምንም ነበር። ዓለማዊ ዘፈን ከዚህ ደጃፍ አይገባም ብሎ፣ ከመዘምራን ስትወጣ ስንት ጊዜ ያኮረፈህ ሰውዬ፣ ከሚሠራበት ጤና ጣቢያ ሲመለስ ጓሮ ቆሞ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያንተን ዘፈን ይሰማል። አይቼዋለሁ። እኔ ያንን ዘፈን ባንጎራጉር ዛሬም በጥፊ ይለኛል። ሞተህም ከእኔ ይበልጥ የሚፈቀድልህ አንተ ነህ።

እቀናብሃለሁ ገሜ። በሕይወት ሳለህም እቀናብህ ነበር፤ ያኔ ግን ታላቄ ነው፣ እኔም እደርስበታለሁ እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። አሁን በምን ልድረስብህ? ድምፅህ አይሻክር፣ ፀጉርህ አይመለጥ። አስተማሪዎቹ ስሜን ትተው «የገመቹ ወንድም» ነው የሚሉኝ። አንዱማ መዝገብ ሲጠራ እንደዚያ ብሎ ጠራኝና ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

የምወድህ ግን ከዚያ በፊት ነው። ወንጪ ሰርግ የሄድን ቀን ትዝ ይልሃል? አንድ ፈረስ ብቻ ተገኘና ኪቦርዱን ጫንክበት፤ እኛ በእግራችን ወረድን። ባለ ፈረሱ ሽማግሌ «ይሄ ሳጥን ነው እንዴ ሙሽራው?» ብለው ሲጠይቁህ «አዎ አባቴ፣ ዓይን አፋር ስለሆነ ተሸፋፍኖ ነው» አልካቸው። ቁልቁለቱ ላይ እንዳልንሸራተት እጄን ይዘኸኝ ነበር። ጓደኞችህ እያዩ እንኳ አልለቀቅከኝም።

መቅደስን ግን ቀድሜ ያወቅኳት እኔ ነኝ። ሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆና ጓሮ ያለውን ክፍል ልትከራይ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ አንተ ሰርግ ላይ ነበርክ። ፍራሿን ተሸክሜ ያስገባሁላት፣ ቁልፉ እንዴት ተነስቶ እንደሚዞር ያሳየኋት እኔ ነኝ። እንደ ልጅ ነው የምታየኝ፤ አውቄዋለሁ። ቢያንስ ላስቃት ብዬ የፊዚክስ አስተማሪያችንን አነጋገር እየቀዳሁ አወራላት ነበር። ፈገግ ትል ነበር እንጂ አልሳቀችልኝም።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት አልጋህ ጠርዝ ላይ አስቀምጠኸኝ የጆሮ ማዳመጫህን አንዱን ለእኔ ሰጠኸኝ። «ማን እንደሆነች ገምት» አልከኝ።

*ሂድ ብላ ስትገፋኝ እያየሁ ሳቋን፣*
*እንቢታዋን ትቼ ሰማሁት ልቧን።*

ከዚያ ከበሮው ዝቅ ይልና ሳቋ ይመጣል። በስልክህ የቀዳኸው፣ የእሷው ሳቅ፤ አጭር፣ ቀጭን፣ መጨረሻው ላይ የሚቆራረጥ። ወዲያው አወቅኳት። ያን ሁሉ ቀልድ አውርቼ ያላገኘሁትን ሳቅ አንተ አግኝተህ፣ ያውም በኪስህ ይዘኸው ትዞራለህ።

ዘፈኑ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ሄዶ ጊንጪ ደረሰ፣ እጃጂ ደረሰ። ሰው የሚወደው ያንተን ድምፅ ሳይሆን ያን ሳቅ ነበር። ባጃጅ መቆሚያው ላይ ልጆቹ መቅደስን ሲያዩ «መቅዲ፣ አንዴ ሳቂልንና በነፃ እናድርስሽ!» ይሏታል። እኛ ክፍል አንዱ የሴት ልጅ ደብተር ቀምቶ ወደ ላይ ይይዝና፣ ልጅቷ «መልስ!» ስትለው «እንቢታዋን ትቼ» እያለ ይዘፍናል። ሁሉም ያጨበጭባል። ልጅቷም ምን ታድርግ፣ አብራ ትስቃለች።

የገና ዕለት እማዬ መቅደስን ምሳ የጠራቻት ጊዜ እኮ ነግራህ ነበር። ሁላችንም ባለንበት «ገመቹ፣ ሳቄን ከዘፈኑ አውጣልኝ» አለችህ። አንተ ደግሞ እንጀራውን እየቆረስክ «አሁን እማዬ ብዪ ስትልሽ መጀመሪያ በቃኝ አላልሽም? በሞቴ ስትልሽ በላሽ። በእኛ አገር በመጀመሪያው እሺ የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልካት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ አባዬም ሳይወድ ሳቀ። እሷ ግን «ምግቡን በቃኝ ስል እኮ ተነስቼ መውጣት እችላለሁ» አለች። ምን ለማለት እንደፈለገች ማናችንም አልጠየቅናትም። እማዬ ሌላ ጉርሻ ዘረጋችላት።

አንተ ስትሞት መቅደስ አለቀሰች። እውነተኛ ልቅሶ ነበር። ጎረቤታችን አዴ ብርቂቱ ይህን አይተው እጇን ይዘው ወስደው ከእማዬ ጎን ፍራሽ ላይ አስቀመጧት። ጥቁር ሻርፕ አለበሷት። «የዘፈኑ ልጅ እሷ ናት» እየተባለ ለቀስተኛው ሁሉ እየመጣ ጉልበቷን እየነካ አጽናናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ «ሙሽራዬ» ነው የምትላት። ጠዋት ጠዋት ዘፈኑን ታስከፍተኝና ሳቁ ጋ ሲደርስ ዓይኗን ጨፍና «ልጄ ሳይወደድ አልሄደም» ትላለች። በልቅሶህ ቀን እኔ ወንድምህ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር፤ ለእኔ እንኳ ወንበር ያመጣ የለም። እሷ ግን ያንተ ሚስት ሆና ተቀምጣለች። ያለ ሰርግ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ሞተህ አገባሃት።

ከዚያ በግንቦት መቅደስ ግቢው ቧንቧ ጋ ልብስ ስታጥብ ጠራችኝ። ጓደኛህ ጉቱ ዘፈንህን በሲዲ ሊያወጣው ነው፤ ፎቶህ ሽፋኑ ላይ ይሆናል፤ ዋናውን ቅጂ ከኮምፒውተርህ እንዳመጣለት ጠይቆኝ ነበር። እማዬ ተስማምታለች፤ «የሙሽራዬን ሳቅ እንዳትነኩ» ብቻ ብላለች። መቅደስ ይህን ሰምታለች።

ያን ሳቅ እንዴት እንደቀዳኸው ነገረችኝ። ፈተና ልትገባ ስትወጣ በሯ ላይ ቆመህ፣ አንድ ክንድህን መቃኑ ላይ ዘርግተህ፣ በሌላው እጅህ ስልኩን ይዘህ «እሺ በዪኝና ትሄጃለሽ» አልካት። ሂድ አለችህ። ደግማ አለችህ። ደረትህን ገፋችህ፤ አልተነቃነቅክም። «ስፈራ እስቃለሁ» አለችኝ። «ልጅ ሆኜ ውሻ ሲያባርረኝ እየሳቅኩ ነበር የምሮጠው፤ እናቴ የምጫወት መስሏት ዝም ትለኝ ነበር።» ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «መሞቱ አሳዝኖኛል። ማዘኔ ግን ሚስቱ አያደርገኝም። ኮምፒውተሩ ያለው አንተ ጋ ነው፤ ሳቄን አውጣልኝ» አለችኝ።

በመጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? ደስ አለኝ። አልወደደችህም! ያን ሁሉ ጊዜ የቀናሁበት ነገር አልነበረም! በሚቀጥሉት ቀናት ውኃ ሳትጠይቀኝ ቀዳሁላት፤ ጃኬትህን ለብሼ በረንዳዋ አካባቢ ስዞር ዋልኩ። አንተን እንቢ ካለች ለእኔ ቦታ የተለቀቀ ነው የመሰለኝ። አንድ ቀን ጀሪካኑን በሯ ላይ አስቀምጬ አልሄድ ስል ቀና ብላ አየችኝና «ምነው፣ አንተም ዘፈን እየሠራህ ነው?» አለችኝ።

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ጀሪካኑን ትቼ ሄድኩ። ለካ የነገረችኝን ሁሉ የሰማሁት አንተ ሳቋን እንደሰማኸው ነው፤ ስለ እኔ የተነገረ አድርጌ።

ገሜ፣ አልረሳህም። ወንጪ ቁልቁለት ላይ የያዝከኝን እጅ አልረሳም። መቃኑ ላይ የዘረጋኸውንም ክንድ አልረሳም፤ ሁለቱም ያንተ ናቸው። አንዱን ብቻ የሚያስታውስልህ ሰው ሞልቷል፤ ሁለቱን አስታውሼ እንደወደድኩህ የምኖረው እኔ ነኝ።

ብቻዬን እንዳላድር ተብሎ ካንተ ልቅሶ ጀምሮ አልጋህ ላይ ይተኛ የነበረው የእጃጂው የአጎታችን ልጅ ትናንት ወደ አገሩ ተመለሰ። ዛሬ ክፍላችን ውስጥ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። እሑድ ነው፤ እማዬና አባዬ ጸሎት ቤት ሄደው ነበር። አልጋህን አነጠፍኩ። ኮምፒውተርህን ከፈትኩ። ከበሮው፣ ኪቦርዱ፣ ድምፅህ፣ ሳቋ እያንዳንዳቸው በየመስመራቸው ተደርድረዋል። ሳቋን መረጥኩና አጠፋሁት። በየሰው ስልክ ያለውን መሰብሰብ አልችልም። ቦታውን ግን በሌላ ነገር አልሞላሁትም፤ አንተ ስለ ሳቋ ትዘፍናለህ፣ ከበሮው ዝቅ ይላል፣ የሚመልስልህ የለም። ደጋግሜ ሰማሁት። ድምፅህ አሁንም ያምራል፤ አሁንም ቀናሁ።

እማዬ ተመልሳ መጽሐፍ ቅዱሷን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና እንደ ልማዷ ክፈትልኝ አለችኝ። ከፈትኩላት። ቦታው ሲደርስ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ሳቁ አልመጣም። ዓይኗን ገልጣ «የት ሄደች?» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩና መቅደስ ያለችኝን ሁሉ ነገርኳት።